ፕላዝማ ቲቪዬ ጠቅ ብሎ ይጠፋል፤ ፓወሩ (ኃይል ሰጪው ክፍል) ነው ወይስ ሌላ ቦርድ?

ሰላም ወገኖች፣ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። ባለ 42 ኢንች ፕላዝማዬ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ አልሠራ ብሏል። ሳበራው ቀዩ መብራት አረንጓዴ ይሆናል፣ ከውስጥ ሪሌው (ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ጠቅ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ ብሎ ይጠፋል። ድምፅም ምስልም የለም።

ጀርባውን ከፍቼዋለሁ። ፊውዙ ደህና ነው፣ ያበጠ ካፓሲተርም አላየሁም። የስታንድባዩ 5 ቮልት አለ፤ የቪኤሱ (ለሰስቴይን ቦርዶቹ፣ ማለትም ፓኔሉን ለሚያበሩት ቦርዶች የሚሄደው ከፍተኛ ቮልቴጅ) ግን መውጣት ጀምሮ ወዲያው ይወርዳል። ፓኔሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቪኤሱን 190 ቮልት ነው የሚለው። የሰፈራችን ቲቪ ሠሪ «ጣለውና ኤልኢዲ ግዛ» አለኝ፤ እሱማ ለማን ይጠፋዋል!

የሰስቴይን ቦርዶቹን ከፓወሩ ነቅዬ ብለካው ሾርቱ የት እንዳለ ይለይልኛል? ወይስ ፓወሩ ያለ ጭነት ጭራሽ አይነሳም? ትልልቆቹ ካፓሲተሮች የያዙትን ኃይልስ በምን ላራግፈው? ጫፎቻቸውን በካቻቢቴ ማገናኘቱን ፈርቻለሁ።