የዋልታ በረዶ ቢቀልጥ ጅማን ምን አገባት?

የቡና አቅራቢ፦ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ትናንት ማታ ደብተሯን ዘርግታ የአንታርክቲካን ካርታ ስታቀልም አገኘኋት። የአካባቢ ጥበቃ ክበባቸው የዚህ ወር ርዕስ «የዋልታ በረዶ መቅለጥ» ነው አለችኝ። ይህ ቡድን የወላጆችም የመምህራንም ስለሆነ በግልጽ ልጠይቅ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የዓለም በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ እንኳ ባሕሩ አጠገባችን አይደርስም። ልጆቻችን ያለቻቸውን ጥቂት የክበብ ሰዓት ስለ አወቱ ወንዝና ስለ ቡና ጥላ ዛፎች ቢማሩባት አይሻልም? እኔ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ያስረዳኝ።

የጂኦግራፊ መምህር፦ ወንድሜ፣ ርዕሱን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ግን እደግፈዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሳህን ውኃ ይዤ ክፍል ገባሁ። በአንዱ ላይ ከማቀዝቀዣ ያወጣሁትን በረዶ አንሳፈፍኩት፤ በሌላው መካከል ድንጋይ አስቀምጬ በረዶውን ድንጋዩ ላይ አኖርኩት። ውኃው የደረሰበትን ተማሪዎቹ በእስክሪብቶ አሰመሩበት። በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ የመጀመሪያው ሳህን ውኃ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም፤ የሁለተኛው መስመሩን አልፎ ወጣ። በሰሜን ዋልታ ውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ እንደ መጀመሪያው ሳህን ነው። ግሪንላንድና አንታርክቲካ ግን ድንጋዩ ናቸው፤ ግግር በረዷቸው መሬት ላይ ያረፈ ነው። የግሪንላንዱ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለም ባሕር 7 ሜትር ያህል፣ የአንታርክቲካው ደግሞ 58 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህ የነገ ጉዳይ አይደለም፤ እጅግ ረጅም ዘመን የሚፈጅ ነው። እስካሁን የታየው ከ1901 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የዚህም ከፊሉ የመጣው ባሕሩ ራሱ ሞቆ በመስፋቱ ነው። ፍጥነቱ ግን ጨምሯል፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኗል።

የቡና አቅራቢ፦ መምህር፣ በመቶ ዓመት 20 ሳንቲ ሜትር ከጉልበቴ በታች ነው። ለዚህ ልጅ ማስፈራራት ይገባል?

የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር፦ አንተ የምታቀርበው ቡና በየት በኩል ነው ባሕር የሚሻገረው? እኔ ጅቡቲ ስመላለስ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ጭነት ስንጠብቅ መኪና ሥር ምንጣፍ አንጥፈን እንተኛ ነበር፤ የማዕበሉ ድምፅ ከጆሯችን አይርቅም። ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ የሚበልጠው የሚያልፈው በዚያች ዝቅ ባለች የባሕር ዳር ከተማ ነው። ማዳበሪያውም ነዳጁም በዚያው ነው የሚገባው። ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀን 20 ሳንቲ ሜትር ማንም አያስተውለውም። ሙሉ ጨረቃ ባሕሩን ስታስነሣውና ነፋስ ሲጨመርበት ግን ውኃው ወትሮ ከማይደርስበት ይደርሳል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

የሊሙ ቡና ገበሬ፦ እኔ የማውቀው በረዶ ከሰማይ ወርዶ ቡናዬን የሚያረግፈውን ነው፤ ስለ ዋልታው ከእናንተ እሰማለሁ። ስለ ቡናው ግን ልንገራችሁ። ቡና በደረቁ ወራት እንቡጡን ይዞ ይቆይና ዝናብ ሲያገኘው ያብባል። ዝናቡ መሬቱ እስኪጠግብ ከጣለ ከሳምንት በኋላ ማሳው እንደ ነጠላ ነጭ ይሆናል፤ ሽታው ከቤት ያስወጣል። ፍሬውም አንድ ላይ ይቀላል። አሁን አንድ ቀን ይጥልና ሦስት ሳምንት ይጠፋል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አበባ፣ ጥሬና ቀይ ፍሬ አብረው ታያላችሁ። አንዱን ዛፍ አራት ጊዜ ተመላልሰን እንለቅማለን፤ ትርፉን የለቃሚ ዋጋ ይበላዋል። ይህ ከዚያ በረዶ ጋር ይገናኛል ወይ?

የጂኦግራፊ መምህር፦ አባቴ፣ እርስዎን አላታልልም። የአንድ ዓመት የዝናብ መዛባትን በዋልታ በረዶ አላሳብብም። ክረምታችንን በቅርብ የሚያናጋው እንደ 2015 እ.ኤ.አ. ያለው ኤል ኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ነው፤ የሕንድ ውቅያኖስም ድርሻ አለው። የበረዶው መንገድ ረጅም ነው። ከግሪንላንድ የሚወርደው ጨው የሌለው ውኃ በአትላንቲክ ውስጥ ሙቀትን ወደ ሰሜን የሚያጓጉዘውን ታላቅ የውኃ ዝውውር እንዳያዳክመው ይፈራል። ዝውውሩ ከተዳከመ፣ ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚመላለሰው የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ ይገፋል። ክረምት የሚገባልን ደግሞ ይኸው መቀነት ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው። መቼና ምን ያህል በሚለው ላይ ሳይንቲስቶች ገና ይከራከራሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ይኸኛው እንጂ 7 ሜትሩ አይደለም።

የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ፦ እኔ አቅራቢውን እደግፋለሁ፣ በሌላ ምክንያት። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚለው ቃል የእጃችን ሥራ መሸፈኛ ሆኗል። ቦዬ ረግረግ ሄዳችሁ እዩ። ለጡብ ጭቃ የተቆፈረውን ጉድጓድ፣ ዳር ዳሩን የተተከለውን ባሕር ዛፍ እዩ። ጎርፍ ሲመጣ ውኃውን ተቀብሎ ይዞ የሚያቆይልን ያ ረግረግ ነበር። የአወቱን ዳር በፕላስቲክ የሞላነው እኛው ነን። ልጆች መጀመሪያ ይህን ይወቁ።

የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር፦ ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ግን ቦዬን የሚያይ ልጅ ዋልታውን እንዳያይ ማን ከለከለው?

የሊሙ ቡና ገበሬ፦ እኔም ልጨምር። ዘንድሮ የምተክለውን ችግኝ የሚለቅመው ልጄ ነው፤ ከእሱም አልፎ የልጅ ልጄ። መምህሩ የነገረን መቀነት በእነሱ ዘመን የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከአሁኑ ማወቅ አለብኝ። ጥላ ዛፍ ላብዛ? ከፍ ወዳለው ማሳ ልውጣ? ይህን የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

የቡና አቅራቢ፦ አባቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ ከበደኝ። የወደቡን ነገርም ተቀብያለሁ፤ ቡናዬን እስከ መኪናው ድረስ ብቻ ነበር የማስበው። የዝናቡን መቀነት ግን «ይፈራል» በሚል ቃል ብቻ አላምንም፤ መምህር፣ ሌላ ቀን በሰፊው እንነጋገርበት። ልጄ ካርታዋን ትጨርስ። ቅዳሜ ደግሞ ተማሪዋ እህታችን ቦዬን የምታሳያቸው ከሆነ እኔ እወስዳቸዋለሁ፤ መኪናዬ አሥር ልጅ ትይዛለች።

የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እጠብቃችኋለሁ። ቦት ጫማ ይዘው ይምጡ፤ ጭቃው ጥልቅ ነው።