ጣና ዳር ሾላ ላይ ያለችው አረንጓዴ ወፍ ምንድናት?

ጣናዳር፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ባህር ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ላይ እርግብ የምታክል ወፍ አየሁ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ ሆዷ ደማቅ ቢጫ፣ ትከሻዋ ላይ ወይን ጠጅ ነገር አላት፣ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላ ፍሬውን እንዳለ ትውጠዋለች። እርግብ እህል ለቃሚ አይደለች እንዴ? ዘሩንስ እየበተነች ሾላውን ታበዛዋለች?

ወፍወዳጅ፦ የብሩስ አረንጓዴ እርግብ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1769 ወደኛ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስም ነው የተሰጣት። ዋና ምግቧ ሾላና የሾላ ዘመዶች ናቸው፣ መሬት ብዙም አትወርድም። ዝም ካለች ከቅጠሉ አትለይም ወንድሜ፣ ፍሬ ሲወድቅ ስትሰማ ቀና በል።

ደንገዝ፦ ዘሩ ላይ ግን ልጨምር። የአረንጓዴ እርግብ ጨጓራ ጠንካራ ጡንቻ ነው፣ ከምትውጠው ጠጠር ጋር ሆኖ ብዙውን የሾላ ዘር ይፈጨዋል፣ ስለዚህ ከመትከል ይልቅ መብላቱ ያመዝናል። የአውስትራሊያና የኒው ጊኒ ፍሬ በል እርግቦች ግን ጨጓራቸው ለስላሳ ስለሆነ ዘሩ ሳይነካ ይወጣል፣ እነሱ እውነተኛ ጫካ ተካዮች ናቸው። ለኛ ሾላ የሌሊት ወፍና ጦጣን አመስግኑ።

የሳላላዋ፦ እኔ ኦማን ሳላላ ነኝ፣ በክረምቱ ዝናብ ተራራው አረንጓዴ ሲሆን እዚህም መጥታ ትዋለዳለች! ጎጆዋ ጥቂት ጭራሮ ብቻ ነው፣ ከስር ሆነሽ ስታዪው ሰማዩ በመሃሉ ይታያል። ጫጩቶቹን እናትም አባትም ከጉሮሯቸው በሚያወጡት ወተት መሳይ ነገር ነው የሚያሳድጉት። ጣናዳር፣ እባክህ ያ ሾላ እንዳይቆረጥ የሰፈሩን ሰው አናግርልን።