አፈር ለማስመርመር ላሰባችሁ፦ ዲኤንኤ ወይስ የተለመደው ላብራቶሪ?

"አፈሬን በዲኤንኤ ላስመርምረው ወይ?" የሚለው ጥያቄ በዝቷል። ቢሾፍቱና ሆለታ አካባቢ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይ አትክልት ለምታለሙ የኔ መልስ አጭር ነው፦ ገና ነው። ገንዘባችሁን መጀመሪያ ሌላ ቦታ አውሉት።

የዲኤንኤው ነገር ውሸት ሆኖ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ትሬስ ጂኖሚክስ፣ ባዮም ሜከርስና ፓተርን አግ በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። አፈሩ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ሕያዋን ዲኤንኤ አውጥተው ያነባሉ፤ ማሽን ለርኒንጉ (ከብዙ መረጃ የሚማረው የኮምፒውተር ሞዴል) ደግሞ ያዩትን ከሌሎች ማሳዎች ጋር እያስተያየ ስጋቱን ይተነብያል። ባዮም ሜከርስ ከወይን እርሻ ነው የተነሳው፤ ባክቴሪያና ፈንገሱን ለይቶ ያሳያል። ፓተርን አግ ያተኮረው በቆሎና አኩሪ አተር ላይ ነው። የአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ገበሬ ዘር ሳይገዛ የትኛው ማሳ የበቆሎ ሥር ትል እንደሚያሰጋው ካወቀ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ሞዴሉ የተማረው በእነሱ አፈር መሆኑ ነው። የአዳአን ዋልካ ወይም የአዊን ቀይ አፈር ስጡት፣ መልስ መስጠቱ አይቀርም፤ እመኑት ግን አልላችሁም። ከሞተ ባክቴሪያ የቀረ ዲኤንኤም አብሮ ይነበባል። አፈሩን ወደ ውጭ ለመላክ ወረቀቱም ቀላል አይደለም። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስላለ ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ተቀባዩ ላብራቶሪም ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የውጭ አፈር መቀበያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ማሽን ለርኒንጉን በነፃ ማየት ከፈለጋችሁ አይኤስዲኤ ሶይል የሚባለውን የአፍሪካ የአፈር ካርታ ስልካችሁ ላይ ክፈቱ። በ30 ሜትር ስፋት እየከፈለ የአሲዳማነቱን መጠን፣ ካርቦኑን፣ ፎስፈረሱን በሁለት ጥልቀት ይገምታል። ለመነሻ አሪፍ ነው። አመድና ፍግ ሲጠግብ የኖረ ጓሮ ከጎኑ ካለው ማሳ ያለውን ልዩነት ግን አይነግራችሁም። አሲዱን የሚያክመውን ኖራ በእሱ ግምት አትግዙ።

ለዚያ ላብራቶሪ ግቡ። ለሰብል አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ የአፈር ምርመራ ማዕከል ወይም ባሕር ዳርና ደሴ ያሉት የክልል ላብራቶሪዎች ይበቃሉ። አትክልትና አበባ ላይ ላላችሁ ቢሾፍቱ ያለውን የሆርቲኮፕ ኢትዮጵያን ላብራቶሪ እመርጣለሁ፤ የመስኖ ውሃችሁንም እዚያው ታስመረምራላችሁ። ፒኤች (አፈሩ ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ብቻ አታሠሩ፤ የኖራው መጠን የሚሰላበትን የአሲድ ልኬትም አብራችሁ ጠይቁ። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲሆን አሉሚኒየሙ ሥር ይጎዳል፣ ፎስፈረሱም ይታሰራል። ኖራ ሳይገባበት ኤንፒኤስ ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብ መቅበር ነው። አገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲድ የተጠቃ ነው ስለሚባል "የኔን አይመለከትም" አትበሉ።

ናሙናውን በዚግዛግ እየሄዳችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውሰዱ። የድሮ አውድማ፣ የፍግ ክምርና ዛፍ ሥር ዝለሉ። የምታደባልቁበት ባልዲ ፕላስቲክ ይሁን፤ የቆርቆሮው ዚንክ ውጤቱን ያበላሻል።

ባቄላና ሽምብራ ለምትዘሩ የመናገሻ ባዮቴክን ሕያው ማዳበሪያ (ዘር ላይ የሚለወስ ጠቃሚ ባክቴሪያ) እጠቁማለሁ። ዘሩን ጥላ ሥር ለውሱትና በዚያው ቀን ዝሩት፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። አበባ ሲያወጣ አንድ ሁለት እግር በአካፋ አንስታችሁ የሥሩን እባጭ በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው ናይትሮጅን እየሠራ ነው። ነጭ ወይ አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ላይ አይደለም። ነፃ የሆነ የሕያው አፈር ምርመራ ማለት ይሄ ነው።

የሥር በሽታ እየተመላለሰ ያስቸገራችሁ ትልልቅ የአበባ እርሻዎች ግን ከዚህ ምክር ውጪ ናችሁ። ለእናንተ ዲኤንኤው ወጪውን ሊመልስ ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ላብራቶሪውን "ከምሥራቅ አፍሪካ ስንት ናሙና አላችሁ?" በሉት። ናሙናውንም ለተለመደው የላብራቶሪ ምርመራ እንደሚላከው አታድርቁት፤ መቆፈሪያውን በአልኮል ጠርጋችሁ፣ አፈሩን በበረዶ ሣጥን ላኩት።