ከኋላ ተገጭቼ አንገቴ አልዞር አለኝ፣ ራጁ ግን «ደህና» ነው ይላል

ቪትዝ ነጂው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ሳምንት ከቦሌ ወደ መገናኛ ስሄድ ኢምፔሪያል አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሜ ነበር። አንድ አይሱዙ ፍሬን አልይዝ ብሎት ከኋላ መጥቶ ላጠኝ። ፓራውልቱ ረገፈ፣ የኋላ በሩ ወደ ውስጥ ገባ። ከሹፌሩ ጋር እዚያው ስንጨቃጨቅ ግን እኔ ምንም አልተሰማኝም። ትራፊክ መጣ፣ ፕላን ተነሳ፣ ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቼ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ አንገቴ ደርቋል። ግራ ቀኝ ማየት አልችልም፣ ከማጅራቴ ጀምሮ እስከ ግንባሬ ይወቅረኛል፣ በትከሻዎቼ መሃል ያቃጥለኛል፣ ፈጠን ብዬ ከተነሳሁ ደግሞ ያዞረኛል። ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ዶክተሩ አየት አደረገና «አጥንትህ ደህና ነው፣ ምንም የለብህም» ብሎ የዲክሎፌናክ መርፌ አዘዘልኝ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድነው?

አሁን ከፋርማሲ ያቺን የስፖንጅ ኮላር ገዝቼ ሌት ተቀን አድርጌያት ነው ያለሁት፣ ስተኛም አላወልቃትም። ሕመሙ ሲብስ ከመርፌው ሌላ አይቡፕሮፌን እጨምራለሁ። እናቴ ደግሞ ወጌሻ ካልመጣ ብላ ቤቱን አናውጣዋለች፣ «አንዴ ቋ ቢያደርግልህ ይለቅሃል» ትላለች። ሥራዬ ራይድ ነው፣ ብዙ ቀን ሥራ ፈትቼ ቤት መቀመጥ አልችልም። የደረሰበት ወይም የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ።

ፊዚዮ ከጅማ፦
እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ፦ እጅህን ወይም ጣቶችህን ይደነዝዝሃል? ዕቃ ከእጅህ ያመልጥሃል? እግርህ ይከዳሃል? ሽንት መቆጣጠር አቅቶሃል? ከነዚህ አንዱ ካለ የእኔን ምክር ተወውና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ተመለስ። እየባሰ የሚሄድ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ግራ መጋባት፣ ንግግር መተሳሰር ወይም አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየትም እንደዚያው ነው።

ከሌለ አንብብ። ከኋላ ስትገጭ ወንበሩ ጀርባህን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝነው ጭንቅላትህ ግን ባለበት ይቀራል። መሃል ላይ የቀረው አንገት መጀመሪያ ታችኛው ወደ ኋላ፣ ላይኛው ወደ ፊት ይታጠፋል። ከዚያ ጭንቅላትህ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ተመልሶ ደግሞ ወደ ፊት። ይሄ ሁሉ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅም፣ ጡንቻህ ነቅቶ ለመያዝ እንኳን አይደርስም። የሚጎዱት ጡንቻው፣ ጅማቱና አከርካሪዎቹ እርስ በርስ የሚገጥሙባቸው ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ናቸው። ራጅ አጥንት ያሳያል እንጂ እነዚህን አያሳይም። ዶክተሩ ትክክል ነው፣ አጥንትህ አልተሰበረም። «ምንም የለብህም» ማለቱን ግን እኔ አልወድለትም፣ ስንት ሰው በዚህች ቃል የተነሳ «እያስመሰለ ነው» እየተባለ ይኖራል። ሕመሙ በማግስቱ መምጣቱም ያለ ነገር ነው፣ እብጠቱና የጡንቻው መኮማተር ሰዓታት ይፈልጋል።

በ1995 እ.ኤ.አ. የካናዳዋ ኩቤክ ባለሙያዎች ይህንን ጉዳት ከ0 እስከ 4 ደረጃ አውጥተውለታል፣ እስከ ዛሬ እንሠራበታለን። 1 ማለት ሕመም ብቻ ነው። 2 ማለት ሕመም ኖሮ አንገቱም እንደ ልብ አልዞር ሲል ወይም ሲነኩት ሲያም ነው። 3 ነርቭ ሲነካ፣ 4 ደግሞ ስብራት ወይም ውልቃት ሲኖር። ከጻፍከው ስነሳ አንተ 2 ላይ ነህ፣ አብዛኛው ሰውም ከ2 አያልፍም። ራጅ መነሳትህም ደግ ነው። ቀላል የኋላ ግጭት ሆኖ ሰውየው ቆሞ ከሄደና አንገቱን ወደ ግራና ቀኝ 45 ዲግሪ ካዞረ ብዙ ጊዜ ራጅም አያስፈልገውም። የጭነት መኪና ሲገጭ ግን «ቀላል» ከሚባለው ይወጣል፣ ዕድሜው 65 የሞላ ሰውም በቀጥታ ራጅ ይነሳል።

አሁን ኮላሯን አውልቃት። ስብራት ለተጠረጠረበት ሰው የሚደረገው ጠንካራው ኮላር ነው እንጂ ይቺ የስፖንጇ አይደለችም። አንተን የምታደርግህ ጡንቻህን ማስነፍና መገጣጠሚያህን ማድረቅ ብቻ ነው። እግርህ ወለም ቢልህ ወር ሙሉ አልጋ ላይ አትሰቅለውም አይደል? አንገትም እንደዚያው መንቀሳቀስ አለበት። ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ ጀርባህን ደገፍ በል፣ አገጭህ ከትከሻህ ጋር እስኪተያይ ሳይሆን ሕመሙ «እዚህ ጋ ነኝ» እስኪልህ ድረስ ብቻ ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ ዙር፣ ትንሽ ቆይ፣ ተመለስ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ቀጥሎ ፊትህን ወደ ላይ ሳታነሳ ወደ ታች ሳትደፋ አገጭህን ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ያዝና ልቀቅ። የትከሻ አጥንቶችህንም ወደ ኋላ አቀራርብ። ነቅተህ ባለህበት በየሰዓቱ አስር አስር ጊዜ ያህል። ስትሠራ ትንሽ ቢያምህ አትደንግጥ፣ ክንድህ ላይ የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካመጣብህ ግን አቁምና ፊዚዮቴራፒስት ይይህ።

ወጌሻውን በተመለከተ እናትህን በክብር እምቢ በልልኝ። በአንገት አከርካሪ ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሁለት የደም ሥሮች ያልፋሉ። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ የደም ሥሩ ግድግዳ ሊሰነጠቅና ሰውየው ስትሮክ ሊመታው ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ከደረሰ ግን መመለሻ የለውም። ትኩስ ፎጣ ካደረገችልህ ወይም ጨው አሙቃ በጨርቅ ቋጥራ ትከሻህ ላይ ካሳረፈችልህ ይበቃል፣ ቆዳህን እንዳታቃጥል ብቻ።

መድኃኒት ቤት ያለችው፦
ሌላውን ፊዚዮው ብሎታል፣ እኔ የመድኃኒቱ ነገር ነው ያስደነገጠኝ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወንድማማቾች ናቸው። አብረህ ስትወስድ ማስታገሻው እጥፍ አይሆንልህም፣ ጨጓራህና ኩላሊትህ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው የሚጨምረው። አንዱን ምረጥ፣ ምግብ በልተህ ውሰድ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ። የጨጓራ ቁስለት፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብህ ሐኪሙን ሳትጠይቅ አንዱንም አትንካ። መደራረብ ካስፈለገ ከፓራሲታሞል ጋር ይሻላል፦ 500 ሚሊግራሙን ሁለት ፍሬ፣ በመካከሉ ቢያንስ 6 ሰዓት ቆይተህ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ጉበትህ የታመመ ከሆነ ወይም መጠጥ የምታበዛ ከሆነ ይሄም ይቀንሳል። መርፌ ከክኒን ይበልጣል የሚባለውንም እርሳው፣ መዋጥ እስከቻልክ ድረስ ክኒኑ ይበቃሃል።

ቪትዝ ነጂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። መደንዘዝ የለም፣ እጄም ደህና ነው። ኮላሯን አወለቅኳት፣ የሞትኩ ይመስል እናቴ አለቀሰች 😅። የምር ግን መቼ ነው የሚለቀኝ? አንድ ጓደኛዬ «ይሄ ነገር ዕድሜ ልክ ነው» ብሎ አስደንግጦኛል።

ፊዚዮ ከጅማ፦
ጓደኛህን ዝም በለው። ትልቁ መሻሻል የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ነው። አልዋሽህም፣ ከዓመት በኋላም አልፎ አልፎ የሚያመው ሰው ጥቂት አይደለም። ግማሽ ያህሉ የሆነ ነገር ቀርቷል ይላል፣ ከሥራ የሚያስቀር ከባድ ሕመም የሚቀርበት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ወደ ረጅሙ የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ሕመሙ እጅግ የበረታባቸውና ነካሁት አልነካሁት እያሉ አንገታቸውን መፍራት የጀመሩ ናቸው። ክላክስ ሲነፋ ከደነገጥክ፣ ግጭቱ በሕልምህ ከመጣ፣ መሪ መያዝ ከፈራህ ያንንም ለሐኪም ንገር፣ እሱ ካልታከመ አንገቱም ለመዳን ሊዘገይ ይችላል።

መንዳት በተመለከተ መለኪያው ቀላል ነው። ሰውነትህን ሳታዞር ትከሻህን ተሻግረህ የጎን መስመሩን ማየት ካልቻልክ አትንዳ። ስትችል ደግሞ በአጭር አጭር ጀምር፣ በመሃል ውረድና ተንቀሳቀስ።

ሹፌር በስዊድን፦
እኔ ከጎተንበርግ ነኝ፣ ታክሲ ነው የምነዳው። ስለ ወንበሩ የራስ መደገፊያ ማንም አላነሳም እኮ! ሰው ለትራስ ይመስለዋል። ጭንቅላት ወደ ኋላ እንዳይወረወር ነው የተሠራው፣ አሜሪካ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊት ወንበር ላይ ግዴታ ያደረገችውም ለዚሁ ነው። እዚህ ቮልቮ በ1998 እ.ኤ.አ. ከኋላ ስትገጭ ወንበሩ ራሱ አብሮህ ወደ ኋላ እየሸሸ ግፊቱን የሚቀበል አሠራር አምጥቷል፣ ሳዓብም በዚያው ሰሞን ወደ ጭንቅላትህ የሚጠጋ መደገፊያ ሠራ። ቪትዝ ላይ ይሄ ሁሉ አይጠበቅም፣ ግን ያለውን ወደ ላይ ሳበው። ጫፉ ከአናትህ ጋር እኩል ይሁን፣ ከጭንቅላትህ ያለው ርቀትም ቢቻል ከ5 ሴንቲ አይብለጥ። ወንበሩን እንደ ሶፋ ለጥጠህ የምትነዳ ከሆነ መደገፊያው ከጭንቅላትህ ይርቃል፣ ያኔ እንደሌለ ቁጠረው። አዲስ አበባ ስመጣ የማየው ግማሹ ሹፌር ማጅራቱ ጋ አስቀምጦት ነው።

የመድን ሰው፦
አንድ ነገር ልጨምር። የገጨህ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው በአዋጅ ግዴታ ነው። የአስቸኳይ ሕክምና ወጪ በዚያ ይሸፈናል፣ ገደብ ቢኖረውም። በግጭቱ ዕለት «ደህና ነኝ» ብለህ ከሆነ አሁን ሐኪሙ ሕመሙ በማግስቱ እንደጀመረና አንገትህ ስንት እንደሚዞር በጽሑፍ እንዲያሰፍርልህ ጠይቅ። «ምንም የለበትም» የሚል ወረቀት ይዘህ ብትመጣ ማንም አያስተናግድህም። የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት፣ የራጁን፣ የመርፌውን፣ የፊዚዮቴራፒውን ደረሰኝ ሁሉ ያዝ። ገጭቶ የጠፋ መኪና ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለዚያ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ።

ቪትዝ ነጂው፦
የመጨረሻ ጥያቄ፣ እንዳትስቁብኝ። እናቴ ናት የጠየቀችው። ስግደትስ?

ፊዚዮ ከጅማ፦
ማን ይስቃል! ግንባር መሬት እስኪነካ ወርዶ ፈጥኖ መነሳት ለዚህ አንገት ገና ነው፣ በተለይ የሚያዞርህ እስኪተውህ። ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ ለታመመ ሰው የሚሉት አያጡም። ቆሞ ለመጸለይ ግን እኔ ፈቅጃለሁ።