ጅማ ላይ ዴስክቶፕ ገጥሜ ማክኦኤስ ልጭንበት ነው፤ ይሄ ዕቃ ይሆናል?

ጥያቄ (የሄርማታዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ሥራውን የተማርኩት በጓደኛዬ ማክ፣ ፋይናል ከት በሚባለው የማክ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ነው፤ እጄ እሱን ለምዷል። ማክ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ስለዚህ ዴስክቶፕ ራሴ ገጥሜ ማክኦኤስን፣ የማክን ሲስተም፣ ልጭንበት አሰብኩ፤ ሃኪንቶሽ የሚሉትን ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ይህን አቀረበልኝ፦ ኮር አይ5 10400ኤፍ፣ ቢ460 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ። ጥር ሳይገባ ማለቅ አለበት። ብሩን ልልክ ስል ግን ልቤ አልረጋ አለ። ይሆናል?

መልስ (እናት ቦርድ)፦
እህቴ፣ ብሩን እንዳትልኪ! ካርዱ አይሆንም። ለጂቲኤክስ 1650 የማክኦኤስ ድራይቨር (ሲስተሙ ካርዱን እንዲያሠራው የሚያደርግ ፋይል) ወጥቶለት አያውቅም። ከሱ የቀደሙት ጂቲኤክስ 10ዎቹ እንኳ የሚሠሩት ሃይ ሲዬራ እስከሚባለው የማክኦኤስ ስሪት ነው፤ እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። ስክሪኑ ይበራልሻል፣ ግን መስኮት ስትጎትቺ ይንቀራፈፋል፤ ፋይናል ከትም አይሠራልሽም። ኤኤምዲ አርኤክስ 570 ወይም 580 ፈልጊ። ድራይቨሩ ማክኦኤስ ውስጥ አለ። አርኤክስ 550 ካሉሽ ግን ተጠንቀቂ፤ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ቺፕ ይሸጣል፣ አንደኛው አይሆንም።

ፕሮሰሰሩ ጥሩ ነው። 10400 የኢንቴል 10ኛ ጄኔሬሽን ነው፤ እሱን አፕል ራሱ በ2020ው አይማክ ላይ ተጠቅሞበታል። ነጋዴው “11ኛ ልስጥሽ፣ አዲስ ነው” ቢልሽ እንቢ በይ፤ ከ11ኛ ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ግራፊክስ በማክኦኤስ አይሠራም። ደግሞ “ኤፍ” የሌለበትን 10400 ውሰጂ። ኤፍ ማለት ውስጡ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። ካርዱ አንድ ቀን ቢበላሽ ያለ ስክሪን ትቀሪያለሽ።

መጀመሪያ ካርድ፣ ከዚያ ሌላው። ብዙ ሰው የሚከስረው ዕቃውን ገዝቶ “አሁን ይሠራ ይሆን?” ሲል ነው።

መልስ (የአጂፕ ቴክኒሻን)፦
ልጄ፣ እኔ እዚሁ ጅማ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አርኤክስ 580 አሁን የምታገኚው ያገለገለ ነው። ስትቀበዪ በባትሪ ብርሃን እይው። የማራገቢያው ክንፍ ሥር የተጋገረ አቧራ ካለ፣ በጣትሽ ስታዞሪው የሚንቀራፈፍ ከሆነ መልሺው። እኔ ጋ የመጣ አንዱ ከላይ ሲታይ ያብረቀርቅ ነበር፤ ስፈታው የሙቀት ቅባቱ ደርቆ እንደ ኖራ ተፈረፈረ። ካርዱ ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ ፓወር ሰፕላዩ ላይ መኖሩን ሳታዪ እንዳትገዢ። ባለ 500 ዋት ደህና ዕቃ ይበቃል። የጅማን መብራት ታውቂዋለሽ፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ሳትይዢ ሥራ አትጀምሪ።

የሄርማታዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናት ቦርድ፣ ገለቶማ። አንድ ነገር ረሳሁ፤ ኢንተርኔቴ የስልክ ዳታ ነው። ይከብዳል?

መልስ (እናት ቦርድ)፦
እሱማ ትልቅ ነገር ነው። በብዛት የሚታየው አጫጫን ትንሽ ፋይል ፍላሽ ላይ አድርጎ ቀሪውን፣ ከ10 ጊጋ በላይ የሚሆነውን፣ ጭነቱ መሀል ላይ ከአፕል ያወርዳል። ዳታ ሲቆራረጥ ከዜሮ ይጀመራል። አንቺ ግን ማክ ያለው ጓደኛ አለሽ! በሱ ማክ ሶኖማ የሚባለውን የማክኦኤስ ስሪት ሙሉውን አውርዱና 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ አድርጉት። ከዚያ ኦፕንኮርን (ማክኦኤስ አፕል ባልሠራው ኮምፒውተር ላይ እንዲነሳ የሚያደርገውን ፕሮግራም) እዚያው ፍላሽ ላይ ትጨምሪያለሽ። የኦፕንኮር ማስተካከያ ያለበትን ኢኤፍአይ ፎልደር ከሰው ገልብጠሽ አትጠቀሚ፤ ለራስሽ ቦርድ ራስሽ አዘጋጂው። ሁለት ቀን ይፈጅብሻል፣ ግን ነገ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ላይ ሴኪውር ቡት የሚለውን አጥፊ፣ ሳታ የሚለውን የዲስክ ማስተካከያ ኤኤችሲአይ አድርጊ።

መልስ (ኮቺ)፦
እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። የአፕል ውል ማክኦኤስን የሚፈቅደው አፕል በሠራው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ይህን አውቀሽ ግቢበት። በዚያ ላይ ማክኦኤስ 26 እንዳንቺ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ የመጨረሻው ስሪት ነው። ሥራሽ ከሠርግ ጋር ከሆነ ያገለገለ ማክ ሚኒ ኤም1 (የአፕል የራሱ ቺፕ ያለበት ትንሽ ዴስክቶፕ) ጠይቂ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው። የኬዝ፣ የካርድና የፓወር ሰፕላይ ወጪሽን ደምሪና አወዳድሪ።

መልስ (የአጂፕ ቴክኒሻን)፦
ኮቺ ያለው እውነት ነው። እሷ ግን ዕቃውን ለዊንዶውስም ልትጠቀምበት ትችላለች፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባል የኤዲቲንግ ፕሮግራም በነፃ አለ። ልጄ፣ ሁለት ኤስኤስዲ ግዢ፤ አንዱ የዊንዶውስ፣ አንዱ የማክ። አንዱን ስትጭኚ የሌላውን ገመድ ንቀዪ። የሠርግ ፋይል ደግሞ በሦስተኛ ዲስክ ይቀመጥ። የሰው ሠርግ ሁለተኛ አይቀረፅም።

የሄርማታዋ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)፦
ማክ ሚኒውን ጠየቅኩ፣ ከአቅሜ በላይ ሆነ። አርኤክስ 580ና ኤፍ የሌለበት 10400 ገዛሁ። ሶኖማ ገብቷል፣ ፋይናል ከት ይሠራል። ድምፅ ሦስት ቀን አስቸገረኝ፤ ኦፕንኮር ላይ የሚሞላውን የድምፅ ቁጥር ከ1 ወደ 11 ስቀይረው ተሰማ። አፕዴት አጥፍቻለሁ፤ የጥር ሠርጎች ሳያልቁ አልነካውም። ዩፒኤሱን ትናንት ማታ መብራት ሲሄድ አየሁት፤ ፕሮጀክቴን ሴቭ አድርጌ ለመዝጋት በቂ ጊዜ ሰጠኝ።