የሰላይ ወረቀት ሙዚየም ይግባ ወይስ ሳጥን ውስጥ ይቅር?

አወያይ (ደሴ)፦
ያ ጀመዓ፣ እንዴት ዋላችሁ? ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቡድን ውስጥ አንድ ሐሳብ ተወርውሮ ነበር። ደሴ ላይ የወታደራዊ መረጃ ሙዚየም ይኑረን የሚል። መረጃ ሲባል ስለላው፣ የውስጥ አርበኛው፣ ደብዳቤ አመላላሹ፣ የሬዲዮ ጠለፋው፣ ካርታው ሁሉ ነው። የዛሬው ጥያቄ ሰው በየቤቱ ያለውን ዕቃና ወረቀት ያስረክብ ወይስ አያስረክብ ነው። እኔ ይሰብሰብ ባይ ነኝ፤ አልደብቅም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰላይ ባለበት የተሰለለበትም አለ። ስም ያለበት ወረቀት ሲወጣ የማን ልጅ ነው አንገቱን የሚደፋው?

የሆጤ ልጅ፦
ይሄ ምን ያከራክራል? ይሰብሰብ! መቅደላ እኛ ጋ ነው። ውጫሌ እኛ ጋ ነው። ለአድዋ የዘመተው ጦር የተሰባሰበው ወረኢሉ ነው። በ1928 ጃንሆይ ጦሩን ይመሩ የነበረው ከደሴ ነው። ኅዳር 26 ቀን ጣሊያን ከተማዋን በቦምብ ሲደበድብ መትረየስ ይዘው የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ይህን ሁሉ ይዘን ልጆቻችን ስለላን የሚያውቁት ከፊልም ነው።

ጡረተኛው ሬዲዮ ኦፕሬተር፦
ልጄ፣ ጦርነት ቆጠርክልን እንጂ መረጃ አልቆጠርክም። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሬዲዮ ላይ ነው። የማይጨው ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ጣሊያን የእኛን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፈ ያነብ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ጦራችን ሲያጠቃ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀው። ጀግንነት ጎድሎን አይደለም፤ ምስጢራችን አፈትልኮ ነው። ሙዚየም ይሠራ ካላችሁ ይህም ይግባበት። የድል ብቻ ከሆነ ሐውልት ይበቃል።

ዕቃ ስጡ ላላችሁት ግን እኔ አልሰጥም። እጀታዋ እየተዞረ የምትደውል የወታደር ስልክ አለችኝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ኤግዚቢሽን ሰባት ፎቶ አዋስኩ። ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ። ሁለቱ ተመለሱ። አምስቱ የት እንደገቡ አላህ ይወቅ።

የተንታ ልጅ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ የባሰ እላለሁ። ሁሉን አንድ ቤት መሰብሰብ ለዘራፊ ማመቻቸት ነው። ቴዎድሮስ ከየቦታው ያመጡትን መጽሐፍና ቅርስ መቅደላ ላይ አከማቹ። በ1860 እንግሊዝ መጥቶ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ወሰደው፤ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተቸበቸበ። ሩቅ ነው ካላችሁኝ ቅርቡን ልንገራችሁ። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ራሱ ተዘርፏል። በየጓዳው የተበተነ ግን ማን ይዘርፈዋል? አያቶቻችን ሞኝ አልነበሩም።

የሆጤ ልጅ፦
በየጓዳው የተበተነውንማ አይጥ ይዘርፈዋል። 😄

ሰነድ ጥበቃ የምትሠራዋ፦
አይጥ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ደሴ ብርድና ጉም ነው፤ ክረምቱን ታውቁታላችሁ። ሰው ተጠነቀቅኩ ብሎ ደብዳቤውን በፌስታል ይጠቀልላል። ፌስታሉ እርጥበቱን አፍኖ ያሻግተዋል። የተቀደደውን በስኮች ይለጥፋል። ስኮቹ ከዓመታት በኋላ ይቢጫል፤ ሙጫው ወረቀቱን በልቶ ቀለሙን ያበላሻል። ፎቶ አልበም ላይ በሙጫ የለጠፋችሁ ደግሞ እባካችሁ አትላጡት። ከጀርባው የተጻፈው ስምና ቀን ከፎቶው ይበልጣል።

ጋሼ፣ ስልክዎ ውስጥ ባትሪ ካለ ዛሬውኑ ይውጣ። ያፈሰሰ ባትሪ ውስጡን እንደ አሲድ ነው የሚበላው። ሌላም አለ። በጨለማ የሚያበራ የድሮ የወታደር ኮምፓስ ወይም ሰዓት ያላችሁ አትፍቱት፤ የሚያበራው ራዲየም ሊሆን ይችላል፣ ብናኙ መርዝ ነው። ጥይትና ቦምብ ካለማ መንካትም የለም፣ ለፖሊስ መንገር ነው።

ስለ ማስረከቡ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲቆይ ይፈቅዳል። አስመዝግቡ፣ በደንብ ያዙ ነው የሚለው። ስለዚህ “ስጥ ወይ ደብቅ” የሚል ምርጫ ብቻ አይደለም ያለን። ባለቤቱ ዋናውን ይያዝ፣ ሙዚየሙ ጥሩ ቅጂ ያንሳ። ቢዘረፍም ቅጂው ይተርፋል፣ ቢቃጠልም ዋናው ይተርፋል።

እትዬ ከኮምቦልቻ፦
እኔ ልናገር፣ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። አያቴ በጣሊያን ጊዜ የአንድ መኮንን ቤት ወጥ ቤት ነበረች። እኛ ቤት የሚወራው በመሶብ ሥር ወረቀት እያደረገች ለአርበኞች ታሳልፍ እንደነበር ነው። ሰፈሩ ግን እስክትሞት “የጣሊያን ገረድ” ነው የሚላት። የውስጥ አርበኛ ጣጣው ይሄ ነው። ሥራውን በደንብ ከሠራ ባንዳ ይመስላል። ሽልማት የለው፣ ወረቀት የለው። ከአያቴ የቀረኝ አንድ መሶብ ነው። ሙዚየም ብወስደው ምን ብለው ይጽፉበታል? “መሶብ፣ ወሎ” ብለው ነው?

አወያይ፦
እትዬ፣ ይኸው ነገሩን ነኩት። ለኔ ዕቃ ያለ ታሪኩ ባዶ ነው። መሶቡን ከመውሰዳችን በፊት እርስዎን ነው መቅዳት ያለብን። ማን ነገረዎት፣ መቼ፣ ሌላ የሰማ ማን አለ የሚለውን። ያልተረጋገጠውም “የቤተሰብ ቃል” ተብሎ በሐቅ ይጻፍ። የውስጥ አርበኛ ሸዋረገድ ገድሌ ስማቸው የተረፈው የሚመሰክር ስለነበረ ነው። የስንቷ ስም ቀረ?

የተንታ ልጅ፦
ስም ስም አትበሉ እንጂ! የአያቷ ስም ሲጠራ የከዳው ጎረቤት ስምም አብሮ ይወጣል። የልጅ ልጁ ዛሬ እድሬ ውስጥ ነው፣ ለቅሶዬ ላይ ድንኳን የሚተክል። ደግሞ ባንዳው ማን ነው? የወሎዋን ገዥ ወይዘሮ ወርቂትን ውሰዱ። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ ሲያመልጡ አሳለፏቸው። ቴዎድሮስ በእጃቸው የነበረውን የወይዘሮዋን ልጅ ገደሉባቸው። እንግሊዝ ሲመጣ ሴትዮዋ ከቴዎድሮስ ጎን አልቆሙም። እስቲ የሙዚየሙን ጽሑፍ ጻፉልኝ። ከሃዲ ነው የምትሏቸው ወይስ ልጇ የተገደለባት እናት?

የሆጤ ልጅ፦
ሁለቱንም! ቴዎድሮስን የሚወድ ተንታ ላይ ሆኖ ያንብበው፣ ያልቅስም። ጀርመኖች እኮ የምሥራቅ ጀርመንን የስለላ መሥሪያ ቤት ፋይል ከፍተዋል። 111 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ወረቀት ነው። በ1991 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሕግ አውጥተው የተሰለለበት ሰው የራሱን ፋይል እንዲያነብ ፈቀዱ። አገሩ አልፈረሰም።

ጡረተኛው ሬዲዮ ኦፕሬተር፦
የራሱን ነው የሚያነብ፣ የጎረቤቱን አይደለም። ልዩነቱን ያዘው።

ሰነድ ጥበቃ የምትሠራዋ፦
ጋሼ፣ ይኼን ነው የምፈልገው። ሙዚየም ገባ ማለት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ ማለት አይደለም። እንግሊዞች የወታደራዊ መረጃ ሙዚየማቸውን ቺክሳንድስ በሚባል የጦር ሰፈር ውስጥ ነው ያኖሩት፤ ቀድመህ ካልተመዘገብክ አትገባም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሌችሊ ፓርክ በሚባል ቦታ የጠላትን ኮድ ይሰብሩ የነበሩትም እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ለባልና ለሚስት እንኳ አይናገሩም ነበር። ወረቀት ተጠብቆ ሊዘጋ ይችላል። ስም ያለበትን ለ30 ወይም ለ50 ዓመት ማሸግ ነው። ዛሬ ካልተሰበሰበ ግን ያኔ የሚከፈት ነገር አይኖርም።

የተንታ ልጅ፦
ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል? እሱን ንገሩኝና ዝም እላለሁ። ሹም በተቀየረ ቁጥር ቁልፍ የሚቀየር ከሆነ የእትዬ መሶብ እቤቷ ይሻላታል።

አወያይ፦
ቁልፉን አንድ ሰው አይያዘው እላለሁ። ሦስት ሰው ይሁን፣ ከቤተሰቦቹም አንድ ይግባበት። ሌላ ሐሳብ ያለው ያምጣ፤ እኔ በዚህ እርግጠኛ አይደለሁም። እትዬ፣ ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ መቅረጫ ይዤ። መሶቡን አልነካም።

እትዬ ከኮምቦልቻ፦
ና ልጄ፣ ቡና አፈላለሁ። እህቴም ትኑር፣ እሷ ከኔ ትበልጣለች፣ ትዝታዋም ደህና ነው።

ጡረተኛው ሬዲዮ ኦፕሬተር፦
ባትሪዋን አሁን ከፍቼ አየሁት፣ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ልጄ፣ በምን ነው የሚጠረገው? ስልኳን አልሰጥም ብያለሁ። ፎቶ ለማንሳት ግን ኑ፣ ደረሰኝም ይዛችሁ።