በአባቴ የአገልግሎት ማስረጃ ላይ ያልሰፈረው የኮሪያ ሜዳይ

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የዘጌ ተወላጅ የሆኑት ሟቹ አባቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው የተባበሩት መንግሥታትን ሜዳይ ቢሸለሙም፣ በማስረጃቸው ላይ ዘመቻው እንጂ ሽልማቱ አልተጻፈም። ሜዳዩ በእጄ ነው፤ ማስተካከያውን በምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስም ያልተቀረጸበት ሜዳይ የማን እንደሆነ ስለማያስረዳ፣ የዘመቻውን ወረቀት፣ የወታደርነት ፎቶግራፋቸውንና የወራሽነት ማስረጃዎን አያይዘው ያመልክቱ። ይህ ሜዳይ በጀግንነት ተለይቶ የሚሰጥ ሳይሆን በተባበሩት መንግሥታት ዕዝ ሥር ኮሪያ ዘምቶ ላገለገለ የሚገባ ስለሆነ፣ የዘመቻው ጊዜ መመዝገቡ ራሱ ዋናው መከራከሪያዎ ነው።

ሌላ መልስ፦ አደራ፣ ዋናውን ወረቀት አያስረክቡ፤ የአጎቴ በአንድ ጽሕፈት ቤት ጠፍቶ ቀርቷል። በእኛ 1943 የተባለው ዘመቻ በፈረንጆቹ ሰነድ 1951 ተብሎ ስለሚገኝ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ይጻፉ።